እምቢታቸው እሺታ ነው

ፀጉር ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። «ራዲዮ» ነበር የሚሏት። ጠዋት በሩን ከፍታ ውሃ ከጣደችበት ጊዜ ጀምሮ የመጨረሻዋ ደንበኛ ሻሿን አስራ እስክትወጣ ድረስ አፏ አያርፍም። ቢጎዲን እየጠቀለለች ታወራለች፤ ጭንቅላቷን ካስክ ውስጥ የከተተች ሴት አንድም ቃል እንደማትሰማት እያወቀችም ታወራለች። በዚህ የተቀየማት ግን የለም። ሳቋ ከመንገዱ ባሻገር ይሰማል፣ ክፋት አታውቅም፣ እጇ ደግሞ የተባረከ ነው፤ የሳሳ ፀጉር እንኳ እሷ ጋ ገብቶ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።

ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እሱ ደግሞ ለቃል የሚሰስት ዓይነት ሰው። ትውልዱ ከወንዝ ማዶ ነው። የከተማው ሰው ስለ ወንዝ ማዶ ሰዎች የሚያወራው አያልቅበትም፤ ነገር በቀጥታ አይናገሩም፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ ይላል። «የወንዝ ማዶ ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንኳ ‹ዛሬ ትንሽ አልሞቀም?› ነው የሚለው» እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ራዲዮ ያደገችው ደግሞ አክስቷ ቤት ነበር፤ እናቷን ገና ፊታቸውን በቅጡ ሳታውቅ ነው ያጣቻቸው። አክስቷ ቤት የራበው «ራበኝ» ይላል፣ የተናደደ ይጮሃል፣ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ረስቶት ይስቃል።

ስለዚህ በተጋቡ ሰሞን ጉድ ፈላ። የባሏ ሁለት አክስቶች ሙሽራዪቱን ሊያዩ መጡ። ምሳ አቀረበች። «ኧረ እኛ ጠግበናል፣ አትድከሚ» አሏት። እሷ ባደገችበት ቤት ጠገብኩ ያለ ሰው ጠግቧል፤ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ መለሰችው። አክስቶቹ ሲጫወቱ ውለው፣ መርቀዋት፣ ሆዳቸው እየጮኸ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ፣ «ሙሽራዪቱ ከአፋችን ነጠቀችን» የሚል ሆኖ ተመለሰ።

ያዳነቻት የባሏ ታላቅ እህት ነበረች፤ ትንሽ ትልቁ «እትዬ» የሚላት። እትዬ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና እየሳቀች አስተማረቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ጋ እንግዳ ‹ጠግቤያለሁ› ካለሽ ‹ለምኚኝ› ማለቱ ነው። መጀመሪያ እምቢ የሚልሽ ለወግ ነው። ደግሞ እምቢ ቢልሽ የምርሽን መሆኑን ሊያይ ነው። ካልለመንሽው ጦሙን ይሄዳል፣ ስምሽንም ይዞት ይሄዳል።»

ራዲዮ ነገር ቶሎ ይገባታል። ከዚያ ወዲህ ቤቷ የገባ የባሏ ዘመድ ሳይበላ የወጣ የለም። «አፈር ስሆን! በሞቴ! እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ!» እያለች፣ እጅ እየያዘች፣ በሩ ላይ ቆማ እየዘጋች አስበላች፣ አጠጣች፣ አሳደረች። ወንዝ ማዶ ስሟ ታደሰ። «የከተማ ልጅ ሆና እንዲህ ወጋችንን ያወቀች!» አሏት። እሷም ኮራች። ኩራቷም ከምግቡ አልፎ ሄደ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስለ ባሏ ወገኖች ትምህርት መስጠት ጀመረች።

«ስሙኝ» ትላለች ማበጠሪያዋን ከፍ አድርጋ። «የእነሱ እምቢታ እሺታ ነው። ዝምታቸው ኩርፊያ ነው። ‹እናያለን› ካሉ ደግሞ ነገሩ ሞቷል፣ ቅበሪው።»

ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እንዲያውም የወንዝ ማዶ ሰው ልታገባ የታጨች አንዲት ልጅ ፀጉሯን ለመሠራት ሳይሆን ምክር ለመቀበል ትመጣ ነበር። ራዲዮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ ነበረች። ጦሱ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ልክ የሆነ ሰው መጠየቅ ያቆማል።

አማቷን፣ የባሏን እናት፣ እስከዚያ ድረስ በደንብ አታውቃቸውም ነበር። በሠርጓ ዕለትና በባሏ አባት ቀብር ላይ አይታቸዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰው መሐል። እናቲቱ እዚያው ወንዝ ማዶ፣ እህል ተራ፣ ሚዛን ያዥ ነበሩ። ነጋዴውና ገበሬው እህሉን እሳቸው ሚዛን ላይ ያወጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ ቁጥሩን ይናገራሉ፣ ገዢና ሻጭ ይለያያሉ። የሚኖሩትም እዚያው ነው፤ ከፊት ሚዛኑ፣ ከኋላ አንዲት መኝታ ክፍል፣ ሁለቱም በኪራይ። አንድ ቀን የእህል መጋዘኑ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ሾፌሩ በራሱ አውቶቡስ፣ ከአጠገቡ ባለው ወንበር ላይ እግራቸውን በትራስ አስደግፎ አመጣቸው። ጄሶው እስኪፈታ ልጃቸው ቤት ሊቆዩ ነው።

ራዲዮ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። መኝታ ክፍሉን ለእሳቸው ለቀቀች፤ እሷና ባሏ ሳሎን ፍራሽ ዘረጉ። በመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ፀጉር ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራቻቸው። በመጨረሻ «እማማ፣ ሰው ሁሉ ራዲዮ ነው የሚለኝ» አለቻቸው።

አማቷ «ማን ነው የሚያጠፋሽ ታዲያ?» አሉ።

ራዲዮ እስክትወድቅ ሳቀች። ሾፌሩም ፈገግ አለ። እሳቸው አልሳቁም።

እናቲቱ ብዙ አይናገሩም። ይህ ከምታውቀው ጋር ገጠመላት፤ የወንዝ ማዶ ሰው ነዋ! የሚናገሯትን ጥቂት ነገር ግን እንዳሉት መውሰድ አልመጣላትም። ጠዋት የሞቀ ወተት ስታቀርብላቸው «ወተት አይስማማኝም፤ ተይው» አሉ።

«አይ እማማ! ያፈላሁት ለእርስዎ እኮ ነው።»

«አልጠጣም አልኩሽ።»

«አፈር ስሆን! እኔ ልሙትልዎት፣ አንዴ ፉት!»

ብርጭቆውን ከንፈራቸው ድረስ አስጠግታ፣ ስትለማመጥ፣ ስትስቅ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ጨረሱት። እሷም ከትከሻቸው በላይ ባሏን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ አየኸኝ? ዓይነት። እናቲቱ ያን ቀን ሆዳቸውን ይዘው ዋሉ። ራዲዮ የእግራቸው መድኃኒት ነው የበጠበጣቸው ብላ አዘነች። በማግስቱም መድኃኒቱን እንዲያለዝብላቸው ብላ ወተት አፈላች።

ቴሌቪዥኑን ዝጊልኝ ሲሏት የመብራቱን ክፍያ እያሰቡ ነው ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችላቸው። ብቻዬን ልቀመጥ ሲሏት ጎረቤቶቿን ጠርታ ሞላችላቸው። ይሉኝታ እንዳይይዛቸው ብላ ነው። ፍቅሯ እውነት ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ማታ ማታ እግራቸውን በለብ ባለ ውሃ ስታጥብላቸው «እናት ያለው ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ» እያለች በልቧ ታስብ ነበር።

ጄሶው ተፈታ። ከክሊኒክ በተመለሱ ቀን አማቷ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ያለ ምርኩዝ ተራምደው አሳዩና ተቀመጡ። ልጃቸውም ምራታቸውም ነበሩ።

«እግሬ ድኗል» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ቤቴ ልሂድ።»

ራዲዮ ተነስታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «ኧረ በሞቴ እማማ! ሸክም የሆኑብን መስሎዎት ነው?»

«ሸክም አልሆንኩም። ሥራ አለኝ።»

«ምን ሥራ? ዕድሜ ልክዎን ሠርተው! አሁን መጦር ነው ያለብዎት። እኔ እያለሁ የትም አይሄዱም።»

እናቲቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሾፌሩ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ አቀረቀረ። «እንግዲህ… እናያለን» አለ።

ራዲዮ በምታውቀው መዝገበ ቃላት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ነገሩ ሞቷል። ደስ አላት።

አንድ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከፍታ ከተቀመጠች በኋላ የረሳችውን ካውያ ልትወስድ ወደ ቤት ተመለሰች። አማቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ቆልፈው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ከመንገዱ ዳር ታክሲ እንዲጠራላቸው የጎረቤት ሰው ልከዋል። ራዲዮ ባየቻቸው ጊዜ ሳቅም እንባም እኩል ያዛት። ቦርሳውን ያዘች።

«ልቀቂው» አሉ አማቷ።

«አልለቅም!»

«ልጄ፣ ልቀቂው አልኩሽ።»

ሁለቱ ሴቶች ቦርሳውን ወዲህና ወዲያ ጎተቱት። ራዲዮ እየሳቀች ነበር፤ ገና አልለመንኳቸውም፣ ይለመናሉ ብላ። የቦርሳው ጆሮ ከስፌቱ ተገነጠለ። ያኔ አማቷ ለቀቁ። እጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተገነጠለውን ጆሮ እያዩ ጥቂት ቆሙና ወደ ውስጥ ተመለሱ። ራዲዮ ልብሳቸውን አንድ በአንድ አውጥታ እያጠፈች ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጉተታውን እየተወነች አሳየቻቸው፤ አንዴ ምራት፣ አንዴ አማት ሆና። አንዲት በዕድሜ የገፉ ደንበኛ ብቻ በመስተዋቱ ውስጥ አዩዋትና፣ «ምናልባት የምራቸውን ቢሆንስ?» አሉ።

«የወንዝ ማዶ ሰው? የምሩን?» አለች ራዲዮ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ የእህል ተራው ቤት አከራይ ለሾፌሩ ደወለ። ቤቱ ተዘግቶ ከረመ፤ እናትህ የሚመለሱ ከሆነ ይመለሱ፣ የማይመለሱ ከሆነ የሚፈልገው ሰው አለ አለው። ሾፌሩ እናቱን ጠየቃቸው።

«አይሆንም» አሉት፣ ዓይኑን እያዩ። «ቤቴን አልለቅም። እመጣለሁ በለው።»

ሾፌሩ ጓዳ ገባ። ራዲዮ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አልለቅም አለች እኮ» አላት።

«ታዲያ ምን እንዲሉህ ፈልገህ ነው? ‹ልጄ ጡረኝ፣ ቤቴን አስረክብልኝ› ይበሉህ? ከአንተ በላይ ማን ያውቃል የእናንተን ሰው! እሳቸው አፍ አውጥተው አይሉህም። እኛ ከወሰንንላቸው ግን እፎይ ነው የሚሉት።»

ሾፌሩ የግድግዳውን ቀለም ሲያይ ቆየ። «አንቺ ካልሽ» አለና ወጣ።

በሚቀጥለው ጉዞው እህል ተራ ሄዶ ቁልፉን አስረከበ። ዕቃቸውን በጓደኛው የጭነት መኪና አስጭኖ መጣ። ራዲዮ ክፍላቸውን ቀለም አስቀብታ፣ አዲስ መጋረጃ ሰቅላ፣ ጎረቤት ጠርታ ጠበቀች። ድንገት ልታስደስታቸው ነው። መኪናው ደጃፍ ላይ ቆመ። አልጋቸው ወረደ። ምጣድና ድስታቸው ወረደ። በመጨረሻ ሁለት ሰው ተጋግዞ ሚዛኑን አወረደ፤ ክብደት የሚሰቀልበት ብረቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

አማቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዕቃቸውን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ «ማን ፈቀደ?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ ነና!» አለች ራዲዮ እያጨበጨበች። «ከእንግዲህ ወዲያ ሐሳብ የለብዎትም!»

የአማቷ ዓይን እንባ ሞላ። አላበሱትም፤ እንዲሁ ወረደ። ራዲዮ አቀፈቻቸው። ጎረቤቶቹም «የደስታ እንባ ነው፣ ተያቸው ያልቅሱ» አሉ። ሾፌሩ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር፤ ጠቅልሎ ከጨረሰ በኋላም ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አማቷ እምቢ ማለት ተዉ። ወተት ቢመጣ «እሺ»። ቴሌቪዥን ቢከፈት «እሺ»። «ጎረቤት ቤት እንሂድ» ቢባሉ «እሺ»። ሚዛኑን አልጋው ስር አስገብተው አንሶላውን ለቀቁበት። ራዲዮ ለደንበኞቿ «አሁን ለመዱ፣ ልባቸው አረፈ» አለች። ቀሚሳቸው ሲሰፋባቸው ግን አየች። ዕድሜ ነው ብላ አጠበበችላቸው።

እትዬ የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ራቅ ካለ ከተማ ስለምትኖር ዕቃው መጓዙን አልሰማችም ነበር። እናቷን ሳመች፣ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ወሬ ጠየቀቻቸው። «ደህና ነኝ» አሏት። «ምን ይምጣልሽ?» ስትላቸው «ያላችሁት» አሏት። እትዬ ፊቷ ተለወጠ። ጎንበስ ስትል አልጋው ስር ሚዛኑን አየችው። ተነስታ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ይሄ ሚዛን እዚህ ምን ይሠራል?»

ራዲዮ በኩራት ነገረቻት። ቀለሙን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም።

«እሷ እሺ ብላ ነው?»

«እምቢማ ብለው ነበር። እናንተ ደግሞ መቼ በቀጥታ…»

«እኛ?» አለች እትዬ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸት ይብሳል። «እኛ ማን ነን? እኔ ስለ እንግዳ ነው የነገርኩሽ። ስለ እናቴ አልነገርኩሽም። አባታችን ነበር ዙሪያ ጥምጥሙ፤ ውሃ ጠማኝ ለማለት ስለ ደመናው ይጀምር ነበር። እሷ ‹ተናገር ወይ ተኛ› ነበር የምትለው። እህል ተራ ምን ብለው እንደሚጠሯት ታውቂያለሽ? ‹አንድ ቃል› ነው የሚሏት። አንዴ ከተናገረች አትደግመውም፣ አትለውጠውም። አንድ ኩንታል ካለች አንድ ኩንታል ነው፤ ሰው ሌላ ሚዛን ፍለጋ አይሄድም።»

«ነገር ግን… ዝም ይላሉ እኮ።»

«ዝም ያለ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?»

  ራዲዮ ወተቱ ታወሳት። ቴሌቪዥኑ። የቦርሳው ጆሮ። «አልጠጣም አልኩሽ»፣ «ልቀቂው አልኩሽ»፣ «ሥራ አለኝ»። አንዱም የተሸፈነ ቃል አልነበረም። አክስቷ ቤት እንደዚያ የተናገረ ሰው ቢኖር ወዲያው በገባት ነበር። እሷን ያደነቆራት ከማን አፍ እንደወጣ ማወቋ ነው።

ክፍሉ ገብታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ ‹ወደ ቤቴ ልሂድ› ያሉኝ… የምርዎን ነበር?»

አማቷ አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢኖርባቸው በቀለላት።

«ሌላ በምን ቃል ልበልሽ?» አሉ።

«ለምን አልጮሁብኝም? ለምን አልሰደቡኝም?»

«ብጮህ ‹አኮረፉ› ልትይ ነው። ሳለቅስ ‹ደስ አላቸው› አልሽ። አንቺ ክፉ አይደለሽም፣ ልጄ። ክፉ ብትሆኚ እታገልሽ ነበር። አጥበሽኛል፣ አብልተሽኛል። እያቀፈ የሚያስርን ሰው ምን ይሉታል? ስናገር ፊቴን ታያለሽ፤ የምትሰሚው ግን ሌላ ሰው ነው። ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች እኔም አላውቃትም። ደከመኝ፣ ተውኩት።»

ራዲዮ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አማቷ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን፣ ወይም ለቅሶውን ማስቆማቸው፣ ልትለየው አልቻለችም።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘግታ እህል ተራ ወረደች። ቤቱን ላስመልስ፣ እግር ስሜም ቢሆን ላስመልስ ብላ ነው። ነገር ግን የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ፈርሶ ከፊቱ ጋር አንድ መጋዘን ሆኗል። ደጃፉ ላይ አንድ ጎልማሳ ባለ ቁጥር ሚዛን ዘርግቶ ይመዝናል። አከራዩ ሰውየው ውል ስላለው ምንም ማድረግ አልችልም አላት። እውነቱን ነው።

በአጠገቡ እህል የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ማን መሆኗን ሲያውቁ ከኩርሲያቸው ተነስተው ጨበጧት።

«አንድ ቃል ደህና ናት? እኛማ ቦታዋን ጠብቀንላት ነበር። ስንቱ ሲጠይቅ ‹ትመጣለች› እያልን መለስን። ኋላ ልጇ መጥቶ ቁልፍ ሲያስረክብ ግን ዝም አልን። እሷ ሳትፈቅድ ማን የእሷን ይነካል? እሷ ፈቅዳ ነው አልን።»

ራዲዮ «አልፈቀዱም» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እንዲህ ብትል አማቷን ልጃቸው ያፈናቀላቸው አሮጊት ልታደርጋቸው ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው።

በስተመጨረሻ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተገኘች፤ መስኮቷ ወደ ጭቃማ ጓሮ የሚያይ። አማቷ እዚያ ገቡ። ሚዛኑን የሚያስቀምጡበት ደጅ የለም፤ ለአንድ ነጋዴ ሰጡት፣ እሱም አንድም ቀን አውጥቶ አልመዘነበትም። ጠዋት ጠዋት እህል ተራ ወርደው ሽማግሌው ሱቅ ይቀመጣሉ። ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ወንበር ይለቅላቸዋል፣ ጨዋታ ይጠይቃቸዋል። ማንም ግን «ስንት መጣ?» ብሎ አይጠይቃቸውም። የሚጦሩ ሴትዮ ሆነዋል፤ ያልፈለጉትን እዚያም አገኙት።

ራዲዮ በየጊዜው ትጠይቃቸዋለች። አማቷ በወግ ይቀበሏታል፣ ያስቀምጧታል፣ ስለ ሥራዋ ይጠይቋታል። «ምን ልላክልዎት?» ስትላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «ምንም» ነው። የምራቸው ይሆን? ዱሮ ቢሆን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ትለምናቸው ነበር። አሁን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «እሺ እማማ» ትላለች፤ ከወጣች በኋላ ግን ብርድ ልብሱ ስስ እንደነበር፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ሲያሳስባት መንገዱ ሁሉ ያልቃል። እሷ መጨቅጨቅ ትታለች፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉትን መንገር ትተዋል። ቃላቸውን ሲሰጧት አልተቀበለችም፤ አሁን እሳቸው የሚቆጥቡት ቃል ነው።

አንድ ጊዜ ራዲዮና ባሏ፣ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ፣ ከአማቷ ዘንድ ተመለሱ። መናኸሪያ ደርሰው ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አለቀ። ረዳቱም መኪናውን ሊጠርግ መጥረጊያ ፍለጋ ሄደ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ራዲዮ ከአጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ነበረች።

«እኔ ገብቶኝ ነበር» አላት፣ ፊት ለፊቱን እያየ።

«ምኑ?»

«እማዬ ‹ቤቴን አልለቅም› ስትል። በደንብ ነበር የገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አልፈልግም ካለች አትፈልግም። እኔ አውቃለሁ።»

ራዲዮ ዞራ አየችው። «ታዲያ ለምን ጓዳ መጥተህ ጠየቅከኝ?»

«የምትዪኝን ስለማውቅ። እኔ ቤት እንድትኖር ፈለግኩ። ከመንገድ ስገባ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ‹እሺ ማለታቸው ነው› ስትዪ ተመቸኝ። እናቴን ከእኔ የበለጠ የምታውቂ አስመስዬሽ ሄድኩ።»

ልትጮህበት ፈለገች። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማ፣ አንዴም «እኔም አለሁበት» ሳይላት! አፏ ላይ የመጣው ግን የቆየ ቃል ነበር፤ «እናንተ የወንዝ ማዶ ሰዎች…» ሊል የተዘጋጀ። ዋጠችው። ከዋጠችው በኋላ ደግሞ የራሷ ነገር ወደ ልቧ መጣ። እሷስ? እናት ያለው ቤት ፈልጋ አልነበረም? እግር ስታጥብ፣ ስትለማመጥ፣ ቦርሳ ስትጎትት፣ «ልሂድ» የሚለውን ቃል እንዳለ ብትሰማው ኖሮ እናቷን ሁለተኛ ልታጣ ነበር። የሚመቻትን ትርጉም ፈልጋ ያገኘችው እሷም ናት። የወንዝ ማዶ ሰዎች ወግ አጠገቧ ያገኘችው ምክንያት ብቻ ነበር።

ረዳቱ መጥረጊያውን ይዞ ገባና ሁለቱን ሲያይ ከኋላ ወንበሮች ጀመረ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አለችው በመጨረሻ።

«አፈርኩ» አለ ሾፌሩ።

ራዲዮ ጠበቀች። ሌላ አልጨመረም። እሷም ያለውን እንዳለው ወሰደችው። ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፤ እሷም ተከተለችው፣ መናኸሪያው መሐል ከሰው እየተጋፉ ወደ ቤት ሄዱ።